ዩኒቨርሲቲ ለማን ይታዘዝ?

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ አንድ ሰው በሰው ፊት ተጠይቆ መልስ አጥቶ ዝም ካለ በኋላ፥ ቤቱ ገብቶ «እንዲህ ብዬ በመለስሁለት ኖሮ» እያለ ሌሊቱን ሲገላበጥ እንደሚያድር ታውቃለህ። እኔም እንዲሁ ሆኜ አድሬአለሁና፥ ያን ቀን በአፌ ያልመለስሁትን ዛሬ በብዕሬ ልመልስ ተነሥቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው በየካ ክፍለ ከተማ፥ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ነው። በሰፈራችን አንዲት እናት አሉ። ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው እየወረዱ፥ ያንኑ እየሸጡ አንድ ልጃቸውን አሳደጉ። ልጁ የአሥራ ሁለተኛውን ክፍል ፈተና አለፈና አስተማሪነት እንዲማር ተመደበ። እናቱ ደስ ብሏቸው ጠላ ጠምቀው ጎረቤቱን ጠሩ። እኛም «እንኳን ደስ ያለህ» ልንለው ብንገባ፥ ልጁን ከጥግ ተቀምጦ አንገቱን ደፍቶ አገኘነው። ምን እንደ ሆነ ብጠይቀው፥ «ጋሼ፥ ጓደኞቼ ሐኪምና መሐንዲስ ሊሆኑ ነው፤ እኔ ግን ወደ ማስተማር ተጣልሁ» አለኝ።

በዚያው ቤት ከነበሩት እንግዶች መካከል፥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ብዙ ዘመን ያገለገሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ልጁን ለማጽናናት ብለው እንዲህ አሉ፤ «አይዞህ ልጄ! ዩኒቨርሲቲ ማለት መንግሥት ያለውን የሚሠራ ቤት ነው። ዛሬ አስተማሪ አምጡ ይላል፥ ነገ መሐንዲስ አምጡ ይላል። ስሙም ዛሬ አንድ ነው፥ ነገ ሌላ ነው። የሚከፍል መንግሥት ከሆነ የሚያዝም መንግሥት ነው፤ ውሻም በበላበት ይጮኻል። አንተ ወረቀትህን ብቻ ያዝ።» የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሣቀ። እኔም የጠላ ጣሳዬን ይዤ ዝም አልሁ።

በዚያ ቤት ሁለት ስሕተት ተነገረ። ልጁ ማስተማርን እንደ ውድቀት ቆጠረው፤ ሽማግሌውም ዩኒቨርሲቲ የራሱ ዓላማ የሌለው ቤት ነው አሉ። ሁለቱ ስሕተቶች እናትና ልጅ ናቸው። የራሱን ዓላማ የማያውቅ ቤት ለሚገቡበት ሰዎች ዓላማ ሊሰጣቸው አይችልምና ነው።

አስቀድሜ ለሽማግሌው የሚገባቸውን ልስጥ። ስለ ስም መለዋወጥ የተናገሩት ሐሰት አይደለም። ከቤቴ ብዙ ሳይርቅ በኮተቤ የሚገኘውን ተቋም እንመልከት። (ዘመኖቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ይህ ቤት በ1959 የመምህራን ማሠልጠኛ ሆኖ ተመሠረተ፤ ከዐሥር ዓመት በኋላም አሁን ወዳለበት ወደ ኮተቤ ተዛወረ። ብዙ ዘመን የኮተቤ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ እየተባለ ኖረ። ከዚያም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተባለ። በ2016 ደግሞ በከተማው አስተዳደር ሥር ሆኖ ኮተቤ ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ ተሰኘ፤ የዳግማዊ ምኒልክ የሕክምናና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ እንኳ ከእርሱ ጋር ተቈጠረ። በ2022 እንደ ገና ስሙ ተለውጦ፥ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ2020 ገብቶ በ2023 የወጣ ተማሪ ቢኖር፥ በአንድ ስም በር ገብቶ በሌላ ስም በር ወጣ ማለት ነው። በዚህ ሁሉ መካከል የተጠቀመ ሰው ቢኖር የበሩን ሰሌዳ የሚጽፈው ባለ ቀለም ነው።

የታላቅ ወንድሙም ዕድል ከዚህ የተሻለ አልነበረም። በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፥ በ1961 የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተሰጥቶት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በዚያን ጊዜ ከእርሱ የሚፈለገው ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ የተማረ ሹም እንዲያወጣ ነበር። በ1964 ተማሪው ሳይመረቅ አንድ ዓመት ወደ ገጠር ወጥቶ እንዲያገለግል ተደነገገ፤ ብዙዎቹም በየአውራጃው አስተማሪዎች ሆኑ። በ1974 መንግሥት ሲለወጥ የእድገት በኅብረት ዘመቻ ታወጀ። የትምህርቱ ቤት ተዘግቶ ወደ 60,000 የሚደርሱ ተማሪዎችና አስተማሪዎች ወደ ገጠር ተሰማሩ። በሚቀጥለው ዓመት ስሙ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ1993፥ ሌላ መንግሥት በገባ ጊዜ፥ ከ40 በላይ የሆኑ መምህራን በአንድ ጊዜ ከሥራቸው ተሰናበቱ። በ2008 ደግሞ ከመቶው ተማሪ 70ው የተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይማር፥ ለሌላው ዕውቀት ሁሉ 30 ይበቃል ተባለ። በ2023 በመጨረሻ «ራስህን አስተዳድር» ተብሎ ራስ ገዝ ሆነ። እንግዲህ አንዱ ዘመን ሹም ስጠኝ አለው፤ ሁለተኛው ዘማች ስጠኝ አለው፤ ሦስተኛው መሐንዲስ ስጠኝ አለው፤ አራተኛው ገንዘብህን ራስህ ፈልግ አለው።

ታዲያ መንግሥት ከዩኒቨርሲቲ ምንም አይጠይቅ እላለሁን? አልልም። እንዲህ የሚሉ መምህራንን አውቃለሁ፤ ደመወዛቸውን ከሕዝብ ይቀበላሉ፥ ሕዝቡ ግን ምን ትሠራላችሁ ብሎ ቢጠይቃቸው ነጻነታችን ተደፈረ ይላሉ። ይህም ስሕተት ነው።

ወደ እንጦጦ ቀና ብለህ ተመልከት። ዳግማዊ ምኒልክ ከተማቸውን በዚያ ላይ በቈረቈሩ ጊዜ፥ ከዚያም አዲስ አበባ በ1886 በተመሠረተች ጊዜ፥ የተራራው ጥድና ወይራ ለቤት ሥራና ለማገዶ እየተቈረጠ አለቀ። እንጨት ከመታጣቱ የተነሣ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የመጣው ባሕር ዛፍ ግን ከተማይቱን አዳናት። በጥቂት ዓመታት ይደርሳል፤ ቢቈርጡትም ከጉቶው መልሶ ያቈጠቍጣል። ስለዚህ ባሕር ዛፍን የሚንቅ ሰው አዲስ አበባን የሚንቅ ነው። መንግሥትም ዛሬ ሐኪም ጐደለኝ፥ ዛሬ መሐንዲስ ጐደለኝ ብሎ ቢጠይቅ፥ የከተማይቱን ማገዶ እንደ መጠየቅ ነውና የሚያስነቅፈው አይደለም።

ነገር ግን ተራራውን ሁሉ ባሕር ዛፍ ብታለብሰው ምን እንደሚሆን የየካ ገበሬ ያውቃል። ከሥሩ ሣር አይበቅልም፤ ምንጩ ይነጥፋል፤ ክረምት በገባ ጊዜ አፈሩን ጎርፉ ይወስደዋል። ምንጩንና አፈሩን የሚጠብቀው ጥዱና ወይራው ነው። ጥድ ደግሞ የተከለው ሰው ጥላውን ሳያይ የሚሞትለት ዛፍ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ለዚህ ነው። ባሕር ዛፉን የሚተክል ብዙ አለ፤ ጥዱን የሚተክል ግን ከእርሱ በቀር የለም። እርሱም ጥዱን ትቶ ከሌላው ጋር ባሕር ዛፍ ለመትከል ከተሽቀዳደመ፥ አገሪቱ ዩኒቨርሲቲ አላት ማለት በስም ብቻ ነው።

ሽማግሌው «የሚከፍል ያዝዛል» ብለዋል። እኔም እጠይቃቸዋለሁ፤ መንግሥት የሚከፍለው ከየት አምጥቶ ነው? ያቺ እንጨት ተሸካሚ ልብሷን ከምታጥብበት ሳሙና ላይ ቀረጥ ትከፍላለች። ገበሬው ይገብራል፤ የሱቅ ጠባቂው ይገብራል። መንግሥት የዚህ ገንዘብ ያዥ ነው እንጂ ባለቤቱ አይደለም። ስለዚህ «የሚከፍል ያዝዛል» የሚለውን ሕግ ብቀበልላቸው እንኳ፥ ዩኒቨርሲቲ ሊታዘዝ የሚገባው በመጨረሻው ለዚያች ሴት ነው። እርሷም ከዩኒቨርሲቲው የምትፈልገው ሌላ አይደለም፤ ልጄን አታታሉብኝ፥ ያላወቀውን ዐወቀ አትበሉኝ ነው። ሚኒስትር ቢለዋወጥ ይህ ፈቃዷ አይለወጥም።

ከዚህ የተነሣ መንግሥት ሊጠይቅ እንጂ ሊያዝባቸው የማይችል ሦስት ነገሮች አሉ እላለሁ።

አንደኛው እውነት ነው። መንግሥት መንገድ ሥሩ ብሎ ያዝዛል፤ ሁለትና ሁለት አምስት ይሁን ብሎ ግን ሊያዝ አይችልም። ጀርመኖች በ1810 በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ባቋቋሙ ጊዜ፥ ዋናው መሥራቹ ቪልሄልም ፎን ሁምቦልት፥ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ቢከፍልም በዕውቀቱ ሥራ ጣልቃ መግባት እንደሌለበት ያምን ነበር። ይህ ቤት በዓለም የታወቁ ሊቃውንት የወጡበት ሆነ። ነገር ግን ግንቦት 10 ቀን 1933 ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ መጻሕፍት ተቃጠሉ። ያቃጠሉትም ከውጭ የመጡ ጠላቶች አልነበሩም፤ ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው እሳቱን ከበቡት። አንባቢ ሆይ፥ ይህን አስተውል። የዩኒቨርሲቲን ክብር የሚያጠፋው ከላይ የሚመጣ ትእዛዝ ብቻ አይደለም፤ ከውስጥ የሚቀበለው እጅም ነው።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። የሹም ዘመን አጭር ነው፤ ስለዚህ ሹም ይቸኩላል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል እንደሚባለው፥ በዘመኑ የሚቈጠር ነገር ለማሳየት ይሽቀዳደማል። በ1990 ግድም ዩኒቨርሲቲ ተብለው የሚታወቁት በጣቶች የሚቈጠሩ ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። ሕንፃ በሦስት ዓመት ይቆማል፤ መምህር ግን በሦስት ዓመት አይቆምም። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች።

በእንጦጦ ራስ ላይ፥ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ቦታ፥ ኮከብ የሚመለከቱባቸው ሁለት ታላላቅ መነጽሮች አሉ። የኢትዮጵያ የስፔስ ሳይንስ ማኅበር በ2004 በተቋቋመ ጊዜ፥ «ሕዝቡ ሲራብ እናንተ ሰማይ ታያላችሁ» እየተባሉ አባሎቹ መሣቂያ ሆነው ነበር። በታኅሣሥ 2019 ግን የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ተተኩሳ ወደ ሰማይ ወጣች፤ መልእክቷን የሚቀበለውም ጣቢያ በዚያው በእንጦጦ ላይ ነበረ። ስለ ዝናምና ስለ እርሻ ማወቅ ለሚፈልግ መንግሥት፥ የትናንቱ መሣቂያ የዛሬ መመኪያ ሆነለት። ዕውቀት የሚጠቅምበትን ቀን አስቀድሞ ማንም አይነግርህም።

ሦስተኛው ሚዛን ነው። ማን ዐወቀ፥ ማን አላወቀም የሚለውን ፍርድ ማለቴ ነው። በዚህ ነገር አባቶቻችን ከእኛ ይበልጡ ነበር። በዋሸራ ወይም በሌላ የታወቀ ቅኔ ቤት የሚማር ተማሪ፥ እንጀራውን ከየመንደሩ ለምኖ ይበላል፤ ደበሎ ይለብሳል። ነገር ግን ትናንት የተቀኘውን ቅኔ ዛሬ ይዞ ቢመጣ መምህሩ አይቀበለውም፤ በየጊዜው አዲስ ሊቀኝ ግድ ነው። የጌታ ልጅ ነውና ይለፍ የሚል ትእዛዝ ከቤተ መንግሥት ቢመጣ እንኳ፥ የተሰበረ ቅኔ በትእዛዝ አይቃናም። ስንዴ የሚሰፍረው ሰው ቁናውን እንደ ገዢው ፈቃድ ካሰፋና ካጠበበ፥ በገበያው ላይ የሚቀረው ጠብ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ኃጢአት መናገር አለብኝ። ሌላውን ብቻ የሚወቅስ ሰው ግማሽ እውነት ይናገራልና ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ስሙን በማልጠራው አንድ ተማሪ ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነበርሁ። በአንድ ዓመት መጨረሻ፥ የወደቀ ተማሪ ቍጥር እንዲቀነስ ከበላይ ተፈልጓልና ማርካቸውን አስተካክል ተባልሁ። አስተካክል የሚለው ቃል እንዴት ያለ ጨዋ ቃል ነው! እኔም ልጆች ነበሩኝ፥ የቤት ኪራይም ነበረብኝ፤ ሌሊቱን ቀይ ብዕሬን ይዤ አሥራ አራት ተማሪዎች አሳለፍሁ። ሲነጋ የምስጋና ቃል ሰማሁ። ከዓመታት በኋላ ለአንድ ዘመዴ ልጅ ጉዳይ ወደ ሌላ ተማሪ ቤት ብሄድ፥ ከእነዚያ ከአሥራ አራቱ አንዱን አስተማሪ ሆኖ አገኘሁት። «ጋሼ!» ብሎ በደስታ አቀፈኝ። በሰሌዳው ላይ ግማሽንና ሲሶን ደምሮ ሁለት አምስተኛ ብሎ ጽፎ ነበር። ስድሳ ያህል ሕፃናትም በደብተራቸው ይገለብጡት ነበር። እኔ ያን ሌሊት አሥራ አራት ሰው የረዳሁ መስሎኝ ነበር፤ ስንት ሺሕ ሕፃን እንደ በደልሁ ግን እስከ ዛሬ ቈጥሬ አልጨረስሁም።

ይህ የእኔ ብቻ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ በቤቴ ባለቀስሁበት ነበር። ነገር ግን በ2022 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በጥብቅ ቍጥጥር በተሰጠ ጊዜ፥ ከ890,000 ከሚበልጡት ተፈታኞች መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆነው ተገኙ። በሚቀጥለው ዓመትም ከመቶ 3.2 ሆነ። አንድ ተማሪ እንኳ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ነበሩ። በዚያ ዓመት ሰው ሁሉ ተማሪዎቹን ረገመ። እኔ ግን ያስተማራቸው ማን ነው? አስተማሪዎቹንስ ያስተማረ ማን ነው? ብዬ ጠየቅሁ። ወንዝ ሲደፈርስ ወደ ምንጩ ይሄዱ የለምን?

ስለዚህ በ2022 የኮተቤው ቤት ወደ መጀመሪያ ግብሩ፥ ወደ መምህራን ማፍራት እንዲመለስ መወሰኑ በፍሬ ነገሩ መልካም ነው እላለሁ። ብዙ ሰዎች ከሜትሮፖሊታን ወደ ትምህርት መመለሱን እንደ ሹመት መሻር ቈጥረውታል። ከቶ አይደለም። ሁሉን ልያዝ ያለ ሁሉን ያጣል። ሐኪሙም መሐንዲሱም በአንድ ወቅት ሀሁን የቈጠረው በአስተማሪ ፊት ነው፤ አስተማሪ የሚያወጣ ቤት ከሌሎቹ ቤቶች ሁሉ በታች የሆነው መሠረት ከጣራ በታች በሆነበት ዓይነት ብቻ ነው።

ነገር ግን መልካምም ነገር በትእዛዝ ብቻ ሲመጣ ሥር አይሰድም። በደብዳቤ የመጣ ዓላማ በደብዳቤ ይሄዳልና። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ፥ ይህኛውም ሆነ ሌላው፥ ሦስት ነገር ራሱ ያድርግ እላለሁ። መጀመሪያ የተፈጠረበትን ምክንያት መምህራኑና ተማሪዎቹ ተከራክረው በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉት፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር የማይጻፍ ዓላማ ገና አልታወቀም። ሁለተኛ የማይሠራውን ይወቅ፤ ሚኒስትሩ አዲስ ነገር ባሰበ ቍጥር «እሺ» የሚል ቤት ለአንዱም እሺታው ታማኝ አይደለም። «ይህን እናደርጋለን፥ ያን ግን ሌላው ይሥራው፥ የእኛ ግብር አይደለምና» ማለት አለመታዘዝ አይደለም፤ ሐቀኛ አገልጋይነት ነው። ሦስተኛ ሥራውን በተመራቂ ቍጥር አይመዝን። የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ መልካም ሠራ ወይስ አልሠራም የሚለው የሚታወቀው በምረቃው ቀን በሚለበሰው ጥቍር ካባ ብዛት አይደለም፤ በእንጦጦ ዳገት ላይ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል ሕፃን መጽሐፉን ገልጦ ያነበበውን ሲያስተውል ነው። ይህን ለማወቅ ከኮተቤ ተነሥቶ ዳገቱን መውጣት ብቻ ይበቃል።

መንግሥትም በበኩሉ ይጠይቅ፥ ይመርምር፥ የወጣውንም ገንዘብ ይቈጣጠር፤ ነገር ግን አንድ ቤት የተተከለበትን ሳያፈራ ነቅሎ ሌላ ስፍራ አይትከለው። በየዓመቱ የሚነቀል ችግኝ ጥፋቱ የችግኙ አይደለም።

አሁን ወደ አንተ፥ ወደ ወጣቱ እመለሳለሁ። «ስለ ዩኒቨርሲቲ ዓላማ እኔ ምን አገባኝ? እኔ ተማሪ ነኝ» ትል ይሆናል። ያገባሃል! ወረቀቱን ብቻ ፈልገህ ከገባህ፥ ወረቀት ብቻ የሚሰጥ ቤት እንዲሆን አንተም አዝዘኸዋል። ያልሠራህበትን ማርክ ከለመንህ፥ እንደ እኔ ያለውን ፈሪ አስተማሪ ቀይ ብዕሩን እንዲያነሣ ያደረግኸው አንተ ነህ። ሽማግሌው «ወረቀትህን ያዝ» ያሉት ክፉ አስበው አይደለም፤ እኛ ትልልቆቹ እንዲህ እያደረግን ስለ ኖርን ነው። አንተ ግን በዚህ ምክር አትኑር።

ያን ልጅ ከጥቂት ቀን በኋላ በመንገድ አገኘሁት። እናቱ ሸክማቸውን አሳርፈው ከእርሱ ጋር ቆመው ነበር። ጠርቼ እንዲህ አልሁት፤ «ልጄ፥ ወደ ማስተማር አልተጣልህም፤ ወደ ምንጩ ተልከሃል። እኔ ያበላሸሁትን ከሚያቃኑት አንዱ እንድትሆን እለምንሃለሁ።» መልስ አልሰጠኝም፤ ነገር ግን የእናቱን ሸክም ከመሬት አንሥቶ በትከሻው አደረገና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እኔም ለሽማግሌው ያጣሁትን መልስ ያን ጊዜ አገኘሁ። ጌታዬ፥ ዩኒቨርሲቲ ውሻ አይደለም፤ በበላበትም አይጮኽም። ያበላችውን ያቺን እናት ከሸክሟ ለማሳረፍ የተቀጠረ አገልጋይ ነው። ለእርሷ እስከ ታዘዘ ድረስ ስሙን ማንም ቢለውጠው አይጐዳውም። ለእርሷ መታዘዝን የተወ ዕለት ግን ስሙ በወርቅ ቀለም ቢጻፍ አይጠቅመውም።